የአባ እንጦንስ ሥዕላት ታሪክ፤ ደብርና ቤተ መዘክር ስለሚገቡት ውል

የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት ሁሉ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው ማን እንደ ሠራውና ማን እንደ ሰጠው የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ማን እንደ ጠበቀውና ከማን እጅ እንደ ወጣ የሚናገር ነው። ፊተኛውን ካህናቱም ምእመናኑም በበዓል ቀን በደስታ ይተርኩታል፤ ኋለኛው ግን ወይ በኀፍረት ወይ በመርሳት ሳይጻፍ ይቀራል። ነገር ግን ልጆች ከአባቶቻቸው ድካም የሚማሩት ይልቁንም ከዚህ ከኋለኛው ነው።

በአሁኑ ዘመን ቤተ መዘክሮች፤ ይኸውም በተለመደው ስማቸው ሙዚየሞች፤ ከነጋዴዎችና ከአገሩ ሕዝብ ጋራ እየተባበሩ የቅርስ ሥራ ሲያቋቁሙ በብዙ አገር ይታያል። ባለጸጋው ገንዘብ ያወጣል፤ ቤተ መዘክሩ ዕውቀትና ባለሙያ ያመጣል፤ የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ከአባቶቹ የተረከበውን ቅርስ ያቀርባል። ኅብረቱ በራሱ መልካም ነው፤ ጣራው የሚያፈስ ዕቃ ቤት፥ ብል የሚበላው ብራና፥ እርጥበት ያገኘው ሥዕል ሁሉ ረዳት ያስፈልገዋልና። ዳሩ ግን ከሦስቱ ወገኖች ገንዘብ ያወጣው ገንዘቡን መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ ዕውቀት ያመጣውም ዕውቀቱ አይጎድልበትም፤ ቅርሱን ያቀረበው ግን አንድ ጊዜ ከእጁ ከወጣ ሌላ አያገኝም። ስለዚህ የእንዲህ ያለው ኅብረት መልካምነት የሚለካው በውሉ ነው። ለዚህም ነገር ምስክር የሚሆነው በጎንደር በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕላት ላይ የሆነው ነው።

ጎንደርን ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ከተማ ካደረጓት በኋላ ነገሥታቱ እየተከታተሉ አብያተ ክርስቲያናት ተከሉባት፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ ድረስ የጎንደር 44 ታቦት እያለ ይጠራቸዋል። ልጃቸው ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ፤ ሕዝቡ ጻድቁ ዮሐንስ የሚላቸው፤ ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. ነገሡ። በመነኮሳት አባት በግብጻዊው በአባ እንጦንስ ስም የተተከለው ቤተ ክርስቲያን የእርሳቸው ተክል ነው። የመቅደሱም ግድግዳ በሥዕል ተሸለመ። ሥዕሉ ሊቃውንት የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ከሚሉት ወገን ነው፤ ቀለሙ ብሩህ፥ መስመሩ የጠራ፥ የቅዱሳኑም ዐይን ትልቅና ንቁ ሆኖ፤ ገና ከቅኔ ማኅሌቱ ሆኖ የሚያየውን ሰው የሚመለከት ይመስላል።

የጎንደር ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ሥዕላቸውን በግድግዳው ጭቃ ላይ አይሥሉትም ነበር፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር እንጂ። ይህ ብልሃት ለሥራው የሚመች፥ ጭቃው ሲሰነጠቅም ሥዕሉን ከመሰንጠቅ የሚያድን ነበር። ነገር ግን ሠዓሊዎቹ ያላሰቡት ሌላ ነገር በውስጡ ነበረ። በጨርቅ ላይ ያለ ሥዕል ሊላጥ፥ ሊጠቀለል፥ በበቅሎም ሊጫን ይችላል። ለሥራ የተመቸው ብልሃት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለመውሰድም ተመቸ።

ከዚያ ወዲህ በጎንደር ላይ ብዙ መከራ ወረደባት። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማይቱን አቃጠሉ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱም ብዙ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተወሰደ። ያ ቁስል ሳይሽር በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከሱዳን መጥተው ከተማይቱን ወረሩ፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱም የሚበዙት ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግን የንብ መንጋ ወጥቶ ከእሳት እንዳዳነው ሕዝቡ ይተርካል። እንግዲህ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ከተሣሉት ሥዕላት መካከል የአባ እንጦንስ ሥዕላት በስፍራቸው ተገኝተው ለኋላ ዘመን የደረሱት ከሁለት እሳት ተርፈው ነው። ከብዙ ወንድሞች መካከል አንድ ልጅ ብቻ እንደ ተረፈላት እናት፤ ከብዙ ሥዕል የተረፈው ጥቂት ሥዕል ዋጋው በቁጥሩ አይገመትም።

በዚያን ጊዜ በፓሪስ ከተማ ትሮካዴሮ በሚባለው ስፍራ የሕዝቦችን ልማድና የእጅ ሥራ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ነበረ። አለቃውም ፖል ሪቬ፥ ረዳቱም ዦርዥ ኦንሪ ሪቪዬር ነበሩ። ቤተ መዘክሩ እየታደሰ ስለ ነበረ ዕቃ ያስፈልገው ነበር፤ ስለዚህም አፍሪካን ከምዕራብ ጫፍ እስከ ምሥራቅ ጫፍ፤ ከዳካር እስከ ጅቡቲ፤ አቋርጦ የሚያጠናና የሚሰበስብ ጓድ ተዘጋጀ። የጓዱ መሪ ማርሴል ግሪዮል ይባል ነበር፤ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1928ና በ1929 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጎጃም የቆየ ሰው ነው።

የዚህ ጉዞ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለነገራችን ይጠቅማል። የፈረንሳይ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1931 ለጉዞው ልዩ ሕግ አወጣለት። የአሜሪካ ባለጸጎች ያቋቋሙት የሮክፌለር ድርጅትም ረዳው። ደግሞ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በፓሪስ የቡጢ ግጥሚያ ተደርጎ፤ የፓናማው ተወላጅ የዓለም ሻምፒዮን አል ብራውን ተጋጥሞ፤ የመግቢያው ገቢ ለጉዞው ተሰጠ። እንግዲህ መንግሥት፥ ባለጸጋ፥ የትርዒት ቤትና ስፖርተኛ ለአንድ ቤተ መዘክር ሥራ ተባበሩ ማለት ነው። በዘመናችን አዲስ የሚመስለን የቤተ መዘክርና የገንዘብ ባለቤቶች ኅብረት በእውነቱ ከዘጠና ዓመት በላይ የቆየ ነው። በዚያ ኅብረት ውስጥ አንድ ወገን ብቻ አልተቈጠረም፤ እርሱም ዕቃው የሚሰበሰብበት ሕዝብ ነበረ።

ጓዱ በግንቦት 1923 ዓ.ም. ከቦርዶ ወደብ ተነሥቶ በ1925 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ጉዞውን ፈጸመ። በመንገዱም 3,600 ያህል ዕቃ፥ 370 ያህል የብራና መጽሐፍ፥ በሺሕ የሚቈጠር ፎቶግራፍ ሰበሰበ። የጓዱ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዕለት ዕለቱን ማስታወሻ እየጻፈ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዛሬ ማሊ በምትባለው፥ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው አገር፤ የመንደር ሰዎች የሚያመልኩበትን ዕቃ እያስፈራሩ፥ ጥቂት ፍራንክም እየጣሉላቸው እንደ ወሰዱ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ሌሪስ ራሱ በዚህ ነገር ኅሊናው እንደ ወቀሰው ጽሑፉ ይመሰክራል።

ኢትዮጵያ ግን ነፃ መንግሥት ነበረች። በማሊ እንደ ተደረገው አስፈራርቶ መውሰድ የማይቻል ስለ ሆነ፤ በጎንደር መስማማት ያስፈልግ ነበር። ጓዱ ከ1924 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አምስት ወር ያህል በጎንደር በኢጣልያ ቈንስል ግቢ ተቀመጠ። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅም ከሌሪስ ጋራ ሆነው የሕዝቡን ልማድ በማጥናት ይሠሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ግሪዮልና ጓደኞቹ የአባ እንጦንስን ሥዕላት አዩ፤ ልባቸውም ተነካ። ከጓዱ ጋራ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነበረና፤ ከደብሩ ሰዎች ጋራ እንዲህ ተዋዋሉ፦ ሠዓሊው በአሮጌው ሥዕል ልክ አዲስ ሥዕል ሥሎ በስፍራው ይለጥፋል፤ አሮጌው ግን ከግድግዳው ተላጦ ወደ ፓሪስ ይሄዳል። ነገሩም እንዲሁ ተፈጸመ። ጓዱ ከጎንደር ከመነሣቱ በፊት ከአገሩ ሹማምንት ጋራ ክርክር ገጠመው፤ ቢሆንም የዐፄ ዮሐንስ ዘመን ሥዕሎች ተጠቅልለው ሄዱ።

ዛሬ ይህን የሚሰማ ሰው ፈጥኖ በካህናቱ ሊፈርድ ይችላል። ነገር ግን ፍርዱ ትክክል እንዲሆን የቤተ ክርስቲያንን ልማድ ማሰብ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሥዕል የሚከበረው ስለ እርጅናው አይደለም፤ ስለ ተሣለበት ቅዱስ ክብርና በፊቱ ስለሚደረገው ጸሎት ነው እንጂ። ሥዕሉ ሲደበዝዝ ማደስ፥ ጨርቁ ሲቀደድ በአዲስ መለወጥ፥ በአሮጌው ላይም መደረብ ከጥንት ጀምሮ የበረከት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ «አሮጌውን አንሥተን አዲስ እንሥልላችሁ» የሚል ቃል ለካህናቱ ጆሮ እንግዳ አልነበረም፤ ነገሥታቱና መኳንንቱ ሲያደርጉት የነበረውን የማደስ ሥራ ይመስል ነበር።

ለቤተ መዘክሩ ሰዎች ግን ሚዛኑ ሌላ ነበረ። እነርሱ ያከበሩት ያንኑ እርጅናውን፥ የሠዓሊውን እጅ፥ ዳግመኛ የማይገኝ መሆኑን ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች አንዱን ዕቃ በሁለት ሚዛን መዘኑት። ክፋቱ ሚዛኑ ሁለት መሆኑ አይደለም፤ አንደኛው ወገን የሁለቱንም ሚዛን ዐውቆ፥ ሌላው የራሱን ብቻ ዐውቆ መዋዋሉ ነው። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጥ ነው፤ የውሉ ሰም ማደስ ነበረ፤ ወርቁ ግን መውሰድ ነበረ። ካህናቱ ሰሙን ሰሙ፤ ወርቁን የነገራቸው አልነበረም።

ደግሞ ይህ ሁሉ የሆነው ግሪዮል የኢትዮጵያ ጠላት ስለ ነበረ አይደለም። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ልትወር በተነሣች ጊዜ በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ጎን ቆሞ ስለ አገራችን የተከራከረ እርሱ ነው። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ነገር ግን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት እጅግ ብርቱ ነው፦ ወዳጅ መሆን ብቻውን መልካም ውል አይሆንም። የወዳጅ ውል የበለጠ መጠንቀቅ ይፈልጋል፤ ጠላትን የሚጠረጥር ሰው ብዙ ነው፤ ወዳጅ ያመጣውን ወረቀት ግን መርምሮ የሚያነብ ጥቂት ነው።

በአባቶቻችን ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ነገር መከላከያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በታላላቅ አድባራትና ገዳማት የቤተ ክርስቲያኑ ርስትና ንዋየ ቅድሳት የሚመዘገበው በወንጌል ዳር ላይ ነበረ። ማን ምን እንደ ሰጠ፥ በማን ዘመን እንደ ተሰጠ፥ እማኞቹ እነማን እንደ ነበሩ ይጻፋል፤ በመጨረሻም የሚወስደውን፥ የሚሸጠውን፥ የሚለውጠውን ሁሉ የሚያስር ግዝት ይጨመርበታል። ይህ የአባቶች ሥራ በዛሬ ቃል የቤተ መዘክር መዝገብና የሕግ ውል አንድ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ሦስት ነገር ያስተምራል። ዕቃው የካህናቱ ሀብት አይደለም፤ ቄሰ ገበዙና ዕቃ ቤት ጠባቂው የአደራ ያዦች ናቸው። ሰጪው ከሞተ በኋላም ድምፁ በመዝገቡ ይሰማል። ያልተወለዱት ልጆችም ከባለቤቶቹ ወገን ይቈጠራሉ። እንግዲህ አደራ የያዘ ሰው ዕቃውን መጠበቅ፥ ማሳየት፥ ለጥገና ማውሳትም ይችላል፤ መለወጥ ግን አይችልም፤ ለመለወጥ ከሞቱትም ካልተወለዱትም ፈቃድ ሊያገኝ አይችልምና።

ወደ ፓሪስ የሄዱት ሥዕላት ከዚያ በኋላ ከቤት ወደ ቤት ተዛወሩ። የትሮካዴሮው ቤተ መዘክር ፈርሶ እ.ኤ.አ. በ1938 በስፍራው የሰው ልጅ ቤተ መዘክር ተከፈተ፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2006 ኬ ብራንሊ የሚባለው አዲስ ቤተ መዘክር ሲቋቋም ከአፍሪካ የተሰበሰበው ዕቃ ወደዚያ ገባ። እንደ እውነቱ ከሆነ በፓሪስ ከእሳትና ከዝናብ ተጠብቀዋል፤ ሊቃውንትም አጥንተዋቸዋል። ነገር ግን በፈረንሳይ ሕግ ወደ መንግሥት ቤተ መዘክር የገባ ዕቃ አይሸጥም፥ አይሰጥም፥ አይለወጥም። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ጎንደር ላይ «ይለወጣል» የተባለው ዕቃ ፓሪስ ሲደርስ «አይለወጥም» ተባለ። የአባቶች ግዝት በወንጌል ዳር ያኖረውን ቃል ፈረንሳዮች በሕጋቸው ጻፉት፤ ልዩነቱ እነርሱ መጠበቃቸው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ጊዜ ብዙ ነገር ይለውጣል። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ2017 የአፍሪካ ቅርስ ወደ አፍሪካ ስለሚመለስበት ነገር በዋጋዱጉ ከተናገሩ በኋላ፤ በ2018 ሁለት ሊቃውንት፤ ሴኔጋላዊው ፌልዊን ሳርና ፈረንሳዊቱ ቤኔዲክት ሳቮዋ፤ በነገሩ ላይ ሰፊ ሐተታ ጽፈው አቀረቡ። የዳካር ጅቡቲ ጉዞም በዚያ ሐተታ ከተነሡት ነገሮች አንዱ ነው። በ2020 ልዩ ሕግ ወጥቶ የቤኒን መንግሥት 26 ንዋያት በ2021 ተመለሱለት። በ2025ም ያው የኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ስለዚሁ ጉዞ ትርዒት ከፈተ፤ ትርዒቱም የተዘጋጀው ከአፍሪካ አገሮች ባለሙያዎች ጋራ ሲሆን፤ ዕቃው ከተወሰደበት ስፍራ ተሄዶ ምን ዕቃ ከማን እንደ ተወሰደ እንደገና ተጠየቀ። ይህ በ1925 ዓ.ም. መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው። ዘግይቷል፤ ነገር ግን ቤተ መዘክር የዕቃውን ልጆች ሳይጠይቅ የዕቃውን ታሪክ መጻፍ እንደማይችል ማመኑ ራሱ አንድ ፍሬ ነው።

በአገራችንም ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሥራዎች ተሠርተዋል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሲቋቋም፤ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፥ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪም የቤተ መጻሕፍቱና የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ የቅርስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ነበሩ፤ ከገጠር አብያተ ክርስቲያናት የወጣ ሥዕልና መስቀልም ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተመሠረተ፤ አባላቱም ገንዘብ እያዋጡ ለቤተ መዘክሩ ሥዕላትና ንዋያት እንዲገዙ ረዱ። በዚህ ቅርሱን የሚበትነው ገበያ ቅርሱ የሚሰበሰብበት ሆነ። የገንዘብ ባለቤት በትክክለኛ ስፍራው ሲቆም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ይህ ያሳያል፤ ገንዘቡ ዕቃውን ከአገር ለማውጣት ሳይሆን ከመውጣት ለማስቀረት ሠራ።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973፤ አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ፤ መንበረ ፓትርያርኩና የባህል ሚኒስቴር በአሜሪካ በሚኒሶታ ከሚገኘው የኮሌጅቪል ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ጋራ ተስማምተው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ጀመሩ። መጽሐፉ ከደብሩ መጥቶ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ ወደ ደብሩ ይመለሳል። አንዱ ፊልም በአዲስ አበባ ይቀመጣል፤ አንዱ ወደ ኮሌጅቪል ይሄዳል። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ፤ መንግሥትም ተለወጠ፤ ሥራው ግን ዓመታት ቀጥሎ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም በኮሌጅቪል ተቀምጠው እነዚህን መጻሕፍት እያነበቡ መዝገባቸውን አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ በጦርነትና በሌላም ምክንያት የጠፋ መጽሐፍ ሲኖር፤ ቃሉ በፊልሙ ተርፎ ይገኛል።

ጎንደርንና ይህን ሥራ ጎን ለጎን ማስተያየት ይገባል። በሁለቱም ስፍራ የውጭ አገር ባለሙያ መጣ፤ በሁለቱም ስፍራ ገንዘብ ወጣ፤ በሁለቱም ስፍራ አንድ መልክ ተቀዳ። ነገር ግን በጎንደር ቅጂው ለደብሩ ቀረ፤ ዋናው ሄደ። በማይክሮፊልሙ ሥራ ቅጂው ሄደ፤ ዋናው ለደብሩ ቀረ። ልዩነቱ በአንድ ቃል የሚነገር ነው፤ ሥራውን ሁሉ ግን ለውጦታል። ሩ የሣለው ሥዕል ለፓሪስ ተሰጥቶ፥ የዐፄ ዮሐንስ ዘመን ሥዕል በስፍራው ተጠግኖ ቢቀር ኖሮ፤ ቤተ መዘክሩ ለማስተማር የሚበቃውን ባገኘ፥ ደብሩም ያለውን ባላጣ ነበር።

የመታወቅን ጥቅም ደግሞ የላሊበላ ነገር ይመሰክራል። አፍሮ አይገባ የሚባለው ታላቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰረቀ፤ በነጋዴ እጅም አልፎ ከአገር ወጣ። ነገር ግን ስሙም መልኩም የታወቀ መስቀል ስለ ነበረ ተሰውሮ ሊቀር አልቻለም፤ በቤልጅግ አገር ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። መልኩ ያልተመዘገበ፥ ስሙ ያልተጻፈ መስቀል ቢሆን ኖሮ «የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃው ከየት በመጣ ነበር?

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለየደብሩ የሚወጣው ምክር እንዲህ ነው። 1ኛ፤ የዕቃ ቤቱ ንብረት ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ እያንዳንዱም በፎቶግራፍ ይነሣ፤ መዝገቡ በደብሩም በሀገረ ስብከቱም ይቀመጥ። 2ኛ፤ አዲስ ሰጥቶ አሮጌ የሚቀበል እንግዳ ቢመጣ፤ ስጦታው ምንም ያህል የሚያብረቀርቅ ቢሆን፤ ልውውጥ አይደረግ፤ መልኩን ቀድቶ ቢሄድ ግን በደስታ ይፈቀድለት። 3ኛ፤ ዕቃው ለትርዒት ወይም ለጥገና የሚወጣ ቢሆን፤ የሚመለስበት ቀን፥ ተረካቢው፥ ዋሱ ተጽፎ በደረሰኝ ይውጣ፤ ለአምልኮ ብቻ የተለየው ንዋይ ግን ከቶ ለትርዒት አይውጣ። 4ኛ፤ ውሉ ምእመናኑ በሚሰሙት ቋንቋ ተጽፎ በሰበካ ጉባኤ ፊት ይነበብ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደ ተደነገገውም ቅርስ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ ሁሉም ይወቅ። 5ኛ፤ የሚረዳው ነጋዴና ባለጸጋ እንደ ጥንቱ ሰጪዎች ስሙ በመዝገብ ተጽፎ ይመስገን፤ በዕቃው ላይ ግን ሥልጣን አይኑረው።

ይህ ሁሉ ቤተ መዘክርን ለመራቅ የተባለ አይደለም። በእንጦጦ ማርያምና በአክሱም ጽዮን እንደሚታየው፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቤተ መዘክር አቋቁማ ቅርሷን ለልጆቿና ለእንግዳ ስታሳይ፤ ዕውቀትም ገቢም ታገኛለች። ፈረንሳይም ራሷ፤ ፕሬዚዳንቷ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ላሊበላን ጎብኝተው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠበቅ ለመርዳት ቃል ገብታለች። ይህ ከጎንደሩ መንገድ የተለየ ነው፤ ባለሙያው ወደ ቅርሱ ይመጣል እንጂ ቅርሱ ወደ ባለሙያው አይሄድምና። በአንድ አገር ስም የተሠራ የቀድሞ ስሕተት በዚያው አገር ስም በመልካም ሥራ ሊካስ ይችላል፤ የሚካሰው ግን ደብሩ በውሉ ላይ ዐይኑን ከፍቶ ሲቆም ነው።

በዓለ ኢዮቤልዩ የሚያከብር ደብር ደግሞ የበዓሉን ስም ትርጓሜ ማሰብ ይገባዋል። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተሠራው ሥርዓት፤ ኢዮቤልዩ ማለት በችግር ዘመን የተሸጠ ርስት ወደ ባለርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ሻጩ በችግሩ ምክንያት ባደረገው ውል ልጆቹ ለዘለዓለም ርስት አልባ ሆነው እንዳይቀሩ ሕጉ ጠበቃቸው። የሕጉም ምክንያት ምድሪቱ የእግዚአብሔር ስለ ሆነች፥ ሰውም በእርስዋ ላይ እንግዳና አደራ ያዥ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ በዕቃ ቤቱ ያለው ሁሉ፤ ብራናውም፥ መስቀሉም፥ ሥዕሉም፤ እንደዚሁ የአደራ ርስት ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይህን በዓል የሚያከብሩ ልጆች ዕቃ ቤቱን ሲከፍቱ፤ አባቶቻቸው የተረከቡትን ሳይጎድል ያገኙ ዘንድ፤ ዛሬ የሚጻፈው መዝገብና ዛሬ የሚፈረመው ውል ይወስናል።